ትንሹ ማረፊያና የኋለኛው ወንበር

አርዲስ ሃቭሊክ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ናት። አይዋ ውስጥ፣ የበቆሎ ማሳው ዓይን እስኪታክት በተዘረጋበት አገር፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከየእርሻ ቤቱ ደጃፍ ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ መልሳ በየቤታቸው ትበትናቸዋለች። ሰው ሲያስበው የዚህ ሥራ ትልቁ ፍርሃት በረዶ ወይም ግጭት ይመስለዋል። አይደለም። ትልቁ ፍርሃት ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው ሕፃን ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ፍርሃት ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ አሠራሩን ያየ ሰው ሳያደንቅ አያልፍም። ሹፌሩ ሞተሩን እንዳጠፋ አንድ ደወል ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይለቃል። ጩኸቱን የሚያስቆመው ከአውቶቡሱ መጨረሻ፣ ከኋለኛው በር አጠገብ የተተከለ ቀይ ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉን ለመጫን ሰው ከፊት እስከ ኋላ በእግሩ መሄድ አለበት። ሲሄድ ግራና ቀኙን ያያል። የተረሳ ጓንት ቢኖር፣ ተጠቅልሎ የተኛ ሕፃን ቢኖር ያገኘዋል። መሣሪያው የማንንም ቃል አያምንም፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው።

በአርዲስ አውቶቡስ ላይ ያንን ቁልፍ የሚጫነው ባሏ ኤልደን ነው።

ኤልደን ዕድሜውን ሙሉ በከተማዋ የእህል ጎተራ ሲሠራ የኖረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በኋላ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ። ሐኪሙ መኪና እንዳይነዳ ከለከለው። አንድ ቀን ውኃ ጥዶ ወጥቶ ሄደ፤ አርዲስ ስትመለስ ማንቆርቆሪያው ጠቁሮ፣ ቤቱ በጢስ ታፍኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ልትተወው አልደፈረችም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊም ነገሩ ገብቷቸው የአውቶቡሱ ረዳት አድርገው ወሰዱት።

እነሆ ኤልደን ጠዋት ጠዋት ከሹፌሯ ጀርባ ይቀመጣል። ልጆቹ ወርደው ሲያልቁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ደወሉ ሲጮህ፣ ብድግ ይልና የየወንበሩን ጀርባ በእጁ እየዳበሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀዩን ቁልፍ ይጫናል። ዝም ይላል አውቶቡሱ። ያኔ ኤልደን ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ይጣራል፦

«ባዶ ነው፣ ሹፌር!»

ሌላው ሁሉ ይጠፋዋል። ይህ ግን አንድም ቀን ጠፍቶት አያውቅም።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው ልጃቸው ሜሪት ናት። ሜሪት ዴንቨር የምትኖር የጥርስ ሐኪም ስትሆን ዊላ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። በበረዶው ወራት መጨረሻ ላይ ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ፍሎሪዳ እንሂድ። ትምህርት ቤት ለሳምንት ሲዘጋ። ያ እኔን ልጅ ሆኜ የወሰዳችሁኝ ፓርክ፣ በሙዚቃ የሚዞሩት የእንጨት ፈረሶች ያሉበት። አባዬ ዊላን እዚያ ፈረስ ላይ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቶላታል እኮ።»

«ቃል የገባው ድሮ ነው፤ ረስቶታል።»

«እሷ አልረሳችም። አሁን ስሟን ያውቀዋል። የዛሬ ዓመት የሚያውቀው ይመስልሻል?»

አርዲስ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። እዚህ አጠገባችን እንደ አባዬ ያሉ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው።»

«ሜሪት፣ በቃ!»

«አስጨርሺኝ እማዬ። በደህና አምጥተሽ በደህና ከመለስሽው አፌን እዘጋለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ከጠፋብሽ ግን…»

«ከጠፋብኝ ምን?»

«ከጠፋብሽ ቤት ውስጥም ልትይዢው አትችይም ማለት ነው። እኔ ስላልኩ ሳይሆን ራስሽ ታውቂዋለሽ።»

አርዲስ ስልኩን ዘግታ ቆመች። ኤልደን ከጠረጴዛው ማዶ ኮላች የሚሉትን የፕለም ጣፋጭ ዳቦ እየበላ ነው፤ ፍርፋሪው ደረቱ ላይ ተበትኗል። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት።

የጉዞው ነገር እንግዲህ ከአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ በየትኛው ማረፊያ ይውረዱ?

ወደ ፓርኩ ለሚሄድ ሰው ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። አንደኛው ትልቁ ነው፤ ለፓርኩ ይቀርባል፣ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ይገባል ይወጣል፣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ አለ። ችግሩ ከእነ አርዲስ አገር ወደዚያ በቀጥታ የሚበር የለም፤ መንገድ ላይ ሌላ ትልቅ ከተማ ወርዶ አውሮፕላን መቀየር ግድ ነው። ሁለተኛው ትንሹ ነው። በቅርባቸው ካለችው ከሲዳር ራፒድስ ከተማ አንድ ጊዜ ከተሳፈሩ ሌላ ቦታ ሳይወርዱ ያደርሳል። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚበረው፤ ከፓርኩም ይርቃል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ እስከሚቀጥለው በረራ መጠበቅ ነው። ሰው ሁሉ እንደየጠባዩ ይመርጣል። ችኩሉ ትልቁን፣ ግርግር የማይወደው ትንሹን።

አርዲስ ግን የመዘነችው በአንድ ሚዛን ብቻ ነበር፤ ኤልደን የሚጠፋው የት ነው?

ለመሞከርም አሰበች። አንድ ቅዳሜ ወደ ሲዳር ራፒድስ ትልቅ የገበያ ማዕከል ወሰደችው። በሰው ብዛት ጠጠር መጣያ የለም። እጁን ይዛ ዞረች፣ አይስክሬም ገዛችለት፣ ሁሉም መልካም ሆነ። ለመክፈል እጁን ለቀቀችና ዞር ስትል ግን የለም። ክው አለች። ያገኘችው ተንቀሳቃሹ ደረጃ ሥር ቆሞ፣ ደረጃዎቹ ከመሬት እየወጡ ሲሄዱ እንደ ሕፃን በአድናቆት ሲያይ ነው። አይስክሬሙ በክንዱ ላይ ቀልጦ ይወርዳል። እንደዚያ ባለ ቦታ ሰው ጅረት ነው፤ ይዞት ይሄዳል። አርዲስ ያን ቀን ወሰነች፤ ትንሹ ይሻላል። በአንድ ዕይታ ሁሉንም ሰው የምታይበት ቦታ።

ሰኞ ዕለት ለአውቶቡሶቹ መካኒክ ለቨርን ነገረችው። ቨርን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

«ያንን ትንሹን ነው? እዚያ እኮ ሻንጣ የሚያወርደውም፣ ቡና የሚሸጠውም፣ አውሮፕላኑን የሚያበረውም አንድ ሰው ነው ይላሉ።»

«ደስ ይለኛላ። የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።»

«እኔ ሻንጣ አላወርድም፤ ረዳት ነኝ» አለ ኤልደን ከኋላ።

«አንተን ማን ሻንጣ አስነካህ፣ ጌታዬ! አንተ አለቃ ነህ!» ቨርን ወደ አርዲስ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ አንድ ነገር ልበልሽ። የኔ ዶሮ ቤት ትንሽ ናት። ዶሮዎቹ ግን በየቀኑ ያመልጡኛል። ትንሽ ቤት ለመግባት ይቀላል፤ ለመውጣትም እንደዚያው ነው።»

«ባሌን ከዶሮ ጋር አወዳደርከው?»

«ዶሮዎቼን ስላላየሻቸው ነው። እንደሱ ያለ ቁመና ያላቸው ናቸው።»

ኤልደን ከሁሉም በላይ ሳቀ። አርዲስም ሳቀች፤ ነገሩን ግን አላሰበችበትም። የፈራ ሰው ዓይኑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው። እሷ የምትፈራው ብዛትን ነበር፤ በርን አልፈራችም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። አርዲስ በኤልደን ሰማያዊ ጃኬት የደረት ኪስ ውስጥ የሱን ስምና የራሷን ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ በመርፌ ቁልፍ አያይዛለች። በአውሮፕላኑ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጠችው። እሱ ደመናውን ሲያይ እሷ እሱን ስታይ በረራው አለቀ። ሊያርፉ ሲሉ ኤልደንን ላብ አጠመቀው።

«አቃጠለኝ እኮ፣ ሹፌር።»

ጃኬቱን አወለቀችለትና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን የትንሽ ማረፊያን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ዘንድ አውሮፕላኑ በዝግ መተላለፊያ ከሕንጻው ጋር ይገጥማል፤ ሰው በአንድ በር ወጥቶ፣ በአንድ መንገድ ሄዶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ረጅም አዳራሽ አቋርጦ ነው ውጭውን የሚያየው። ትንሹ ጋ ይህ ሁሉ የለም። ደረጃ አስጠግተው አስፋልቱ ላይ ያወርዷችኋል፤ ቶሎ እንዲራገፍም ከፊትም ከኋላም በር ይከፍታሉ። ከአውሮፕላኑ እስከ አዳራሹ ጥቂት እርምጃ፣ ከአዳራሹ እስከ አውራ ጎዳናው ደግሞ አንድ የመስታወት በር። ለቸኮለ ሰው እንዴት ያለ ምቾት ነው!

አርዲስ ይህን አላወቀችም። አውሮፕላኑ ቆመ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ሰው ሁሉ በአንዴ ብድግ አለ። እሷ ከራስጌ ያለውን ሻንጣ ልታወርድ ተንጠራራች። ስታወርደው መተላለፊያው ሞልቷል፣ ከኋላ ይገፉአታል። አንድ እጅ ጀርባዋን ነካት። ኤልደን ነው ብላ አሰበች። «ና፣ ከኋላዬ ሁን» አለችና ሁለቱንም እጇን ሻንጣና ቦርሳ ስለያዘው ወደ ፊት ተራመደች። ደረጃውን ወረደች። የፍሎሪዳ ሙቀት እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ዞር ስትል ከኋላዋ የቆመው አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገ የማታውቀው ሰውዬ ነው።

ደረጃው ሥር ቆመች። ሰዎች ወረዱ። ሕፃን ያዘለች እናት፣ የሚሳሳቁ ወጣቶች፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት። ከዚያ ማንም አልወረደም።

«እመቤት፣ እዚህ መቆም አይቻልም» አለቻት አስተናጋጇ ከላይ።

«ባለቤቴ ውስጥ ነው።»

«ውስጥ ማንም የለም።»

«ከኋላስ አይተሻል?»

«ከኋላ ያሉት እኮ በዚያኛው በር ወርደዋል።»

አርዲስ የአስተናጋጇን ጣት ተከትላ ስታይ ከአውሮፕላኑ ጭራ ሥር ሌላ ደረጃ አየች። ሻንጣውን ጥላ ሮጠች።

አዳራሹ ልክ እንደተመኘችው ትንሽ ነበር። እንደገባች ከዳር እስከ ዳር ታያት። የመረጠችው ለዚህ ነው፤ በአንድ ዕይታ ሁሉንም ሰው ለማየት። በአንድ ዕይታም አየች። ኤልደን የለም።

«ኤልደን!» ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። የመስታወቱ በር ሰው ሳይነካው በራሱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከበሩ ወዲያ መንገድ ነው። መኪናዎች ይመጣሉ፣ መንገደኛ የሚያመላልሱ ሰርቪስ አውቶቡሶች ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። ከመንገዱ ማዶ የመኪና ማቆሚያ፣ ከማቆሚያው ወዲያ አረንጓዴ ኩሬ። በኩሬው ዳር አንድ ምልክት ተተክሏል፤ አፉን የከፈተ አዞ ተስሎበታል። አርዲስ ምልክቱን አንዴ ካየችው በኋላ ዓይኗን ልትነቅል አልቻለችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። የፈራችው ደረሰባት፤ የደረሰባት ግን እፈራበታለሁ ባለችው ቦታ ሳይሆን ደህና ነው ባለችው ነው።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሬዲዮ በእጁ ይዞ መጣ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ።

«ምን ለብሰዋል፣ እናቴ?»

«ሰማያዊ ጃኬት። ኪሱ ውስጥ ካርድ…» አለችና ቦርሳዋን አየች። ጃኬቱ አጠገቧ ነው፤ ካርዱም፣ ስልክ ቁጥሩም። «ሸሚዝ» አለች። «ነጭ ሸሚዝ። ወይም ግራጫ። እኔ ነኝ ያለበስኩት፣ እንዴት ይጠፋኛል?»

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ሜሪት ናት። እነሱ በትልቁ በኩል ገብተው ሆቴል ደርሰዋል።

«ወረዳችሁ? እሰይ! ቆይ፣ ዊላ አባባን አናግራለሁ ብላ ስልኩን ልትነጥቀኝ ነው። ስጪልኝማ።»

ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ተሰማ። «አባባ! ፈረሶቹ በመስኮት ይታያሉ!»

መዋሸት ይቻላል። ሽንት ቤት ነው ሊባል ይቻላል። ግን ልጅቷ ስልኩ ላይ ትጠብቃለች፣ የመስታወቱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«እናትሽን ስጪኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለች። ሜሪት ስትመለስም «ጠፋብኝ» አለቻት።

ሜሪት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «መጣሁ» ብላ ዘጋች።

አርዲስ መንገዱ ዳር ቆመች። አንድ ሰርቪስ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ሰዎች ወረዱ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አርዲስ ሳታስበው ሰውነቷ ተሰበሰበ፤ ደወሉን ጠበቀች። ሥራ እንደዚህ ነው፣ በአጥንት ውስጥ ይገባል። ደወሉ አልጮኸም። ሹፌሩ ዝም ብሎ ወርዶ ሄደ።

ያኔ ነገሩ እንደ መብራት በራላት።

ከመጀመሪያው ጀምራ አሰበችው። ሞተሩ ጠፋ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ሞተር ሲጠፋና ሰው ሲወርድ ኤልደን ምን ያደርጋል? የወንበሮቹን ጀርባ እየዳበሰ ወደ ኋላ ይሄዳል! አልጠፋም እኮ፤ ሥራውን ሊሠራ ነው የሄደው። ከኋላ ግን በቁልፉ ፈንታ የተከፈተ በር አገኘ። ወረደ። ሰውን ተከትሎ አዳራሹን አቋረጠ፣ በሩ በራሱ ተከፈተለት። ከበሩ ፊት ደግሞ የቆመው አውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ያየ ረዳት ምን ያደርጋል?

«ሰርቪሶቹ!» አለች ለጥበቃው። «ከኛ አውሮፕላን ወዲህ የሄዱት ሰርቪሶች ሁሉ! ጠይቃቸው!»

ጥበቃው በሬዲዮው ጠየቀ። ሹፌሮቹ ተራ በተራ መለሱ። የኪራይ መኪና ቦታ የሄደው ባዶ ነኝ አለ። የሆቴሎቹ ባዶ ነኝ አለ። ከኩሬው ማዶ ወዳለው ሩቅ የመኪና ማቆሚያ የሄደው፣ ኤፍራይን የሚሉት፣ «እኔም ባዶ ነኝ፤ ሁሉም ወርደው ኩሬው ዳር ቆሜ እያረፍኩ ነው» አለ።

አርዲስ ሬዲዮውን ከጥበቃው እጅ ነጠቀች።

«ባዶ መሆኑን ያየኸው በኋላ ማያው መስታወት ነው ወይስ በእግርህ ሄደህ?»

ሬዲዮው ተንሿሿ። «ማን ልበል?»

«እኔም ሹፌር ነኝ። በመስታወት ነው በእግርህ?»

«…በመስታወት።»

«መስታወት የኋለኛውን ወንበር አያሳይም፣ ወንድሜ። ሂድና እይልኝ። እስከ መጨረሻው።»

ከዚያ በኋላ ምንም። ሬዲዮው እንደ ዝናብ ይንሿሿል። አርዲስ የሰርቪሱን በር ታስባለች፤ ሲቆሙ ለነፋስ ብለው ይከፍቱታል። ኩሬው ዳር የተከፈተ በር። ሣሩ። ምልክቱ። ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ ሽማግሌ አሉ» አለ የኤፍራይን ድምፅ። «የኋለኛው ወንበር ሥር ተንበርክከው ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። ውረዱ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ አልጨረስኩም ይላሉ።»

አርዲስ መንገዱ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጥበቃው ሬዲዮውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደላት።

ኤፍራይን ይዞት መጣ። ኤልደን ከሰርቪሱ ሲወርድ ጉልበቱ በአቧራ ነጥቷል፣ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነው።

«የት ነበርሽ ሹፌር? የዚህ አውቶቡስ ቁልፍ የለም! ያልፈለግኩበት ቦታ የለም።»

«ቁልፍ የለንም፣ አባባ» አለ ኤፍራይን።

«ታዲያ ሰው አለመቅረቱን በምን ታውቃለህ?»

ኤፍራይን አርዲስን አያት፤ አርዲስም እሱን። ቁልፉ ባለመኖሩ ነበር ኤልደን ያልወረደው። ቢኖር ኖሮ ተጭኖ፣ «ባዶ ነው» ብሎ፣ በተከፈተው በር ወደ ኩሬው ይሄድ ነበር። አርዲስ ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሣል።

ሜሪት ስትደርስ አባቷን አቀፈችው፤ እናቷን አላየቻትም። በመኪናው ውስጥ ከዊላ በቀር የተናገረ አልነበረም።

በማግሥቱ ፓርኩ ሄዱ። የእንጨት ፈረሶቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ ነጭ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ ኮርቻ ያላቸው። ኤልደን ዊላን አንሥቶ ነጩ ላይ አስቀመጣት። «ያዢ፣ ዊላ» አላት። ስሟን ጠራ። ሜሪት ፊቷን አዞረች። ሙዚቃው ጀመረ፣ ፈረሶቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ዞሩ፣ ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

ሙዚቃው ቆመ። ልጆቹ ወረዱ። ኤልደንም የፈረሶቹን ጀርባ እየዳበሰ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ክብ ነገር ግን ኋላ የለውም። አንድ ዙር ዞሮ ከነጩ ፈረስ ደረሰ፣ አላቆመም። ሁለተኛ ጀመረ። ፊቱ ላይ ጭንቀት መጣ፤ እርምጃው ፈጠነ። ተራ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ፈረሶቹን የሚያዞረው ሠራተኛ «ሰውዬ!» ብሎ ተጣራ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሜሪት። «እማዬ፣ ምን እየፈለገ ነው?»

«መጨረሻውን» አለች አርዲስ። ወጣችና አጠገቡ ደረሰች። አልጎተተችውም። አብራው ሄደች፣ የየፈረሱን ጀርባ እየነካች። አንድ ቡናማ ፈረስ ጋ ሲደርሱ ቆመች። ኮርቻው ላይ ቀይ ዶቃ ተተክሏል።

«ይኸው፣ ረዳት። መጨረሻው ይኼ ነው።»

ኤልደን ዶቃውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ትከሻው ወረደ። «ባዶ ነው፣ ሹፌር» አለ።

ሜሪት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሁሉንም አየች። ማታ ሆቴል ውስጥ ስለ ዴንቨሩ ቤት ትናገራለች ብላ አርዲስ ስትጠብቅ፣ የተናገረችው ሌላ ነበር።

«ትናንት ከአንቺ ሸሽቶ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

«ሸሽቶ አይደለም።»

«አሁን ገባኝ። ግን ጠፍቶ ነበር፣ እማዬ። ኩሬ ዳር።»

«አውቃለሁ።»

«በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ዊላን ይዤ እመጣለሁ። ሁለት ወር። አብረን እንየው፣ ከዚያ አብረን እንወስናለን። ብቻሽን አትወስኚም፤ እኔም ብቻዬን አልወስንም።»

አርዲስ ራሷን ነቀነቀች። ማሸነፍም መሸነፍም አልነበረም። «የምንመለሰው ግን በትልቁ ነው» አለች።

«በትልቁ? ግርግሩንስ?»

«ግርግር ይኑር። እዚያ በሩ አንድ ነው።»

ተመለሱ፤ በትልቁ። ሰው እንደ ጅረት ነው፣ አርዲስ እንደፈራችው። ወደ አውሮፕላኖቹ የሚወስደው ትንሽ ባቡር ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ ኤልደን ወደ ኋላ ዞረ፤ እጁን የያዘችው ሜሪት ግን አልጎተተችውም፣ አብራው ዞረች። «ቶሎ በል፣ አባዬ፣ በሩ ይዘጋል» እያለች እስከ መጨረሻው ሄደች።

አይዋ ውስጥ አሁንም ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ልጆቹ ይወርዳሉ። አርዲስ ሞተሩን ታጠፋለች፣ ደወሉ ይጮኻል። ከጀርባዋ ኤልደን ይነሣል። እሷ አትዞርም፤ መሪውን ይዛ ታዳምጣለች። ድሮ ጩኸቱ ብዙ አይቆይም ነበር። አሁን አንዳንድ ቀን ይቆያል። አንዳንድ ቀን እርምጃው መሐል ላይ ቀጥ ይላል፣ ደወሉ ግን ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ከውጭ ያሉት ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። አርዲስ ወደ ኋላ ሮጣ ራሷ ልትጫነው ትችላለች። አትሄድም። «ባዶ ነው፣ ሹፌር!» የሚለውን ያን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ትጠብቃለች።